ሥራ በምን ይለካል?

በቦንጋ አካባቢ በማንኪራ ደን ቡና የሚለቅም ሰው «ሥራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ቢባል ቁርጥ ያለ መልስ ለመስጠት ይቸግረዋል። የደን ቡና በረድፍ የተተከለ አይደለም፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተበታትኖ የበቀለ ነው። ብርቱው በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን ደካማው እስከ ማታ ላይጨርሰው ይችላል። ነገር ግን «የወዲያኛው ዳገት ሥራ ከዚህኛው ምን ያህል ይበልጣል?» ብንላቸው ሁለቱም «እጥፍ ነው» ሊሉ ይችላሉ። በሰዓት የተለያዩት በንጽጽር ይስማማሉ ማለት ነው።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎች «ስቶሪ ፖይንት» የሚሉት የሥራ ነጥብ መሠረቱ ይኸው ነው። አንዱን ቀላል ሥራ መነሻ አድርገው ሌላውን ከእርሱ ጋር እያነጻጸሩ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያሉ ይሰጡታል። ሥራ በገዘፈ ቍጥር ግምት ስለሚሳሳት፣ የቍጥሮቹም ርቀት አብሮ ይሰፋል። ሚስተር ጄምስ ግሬኒንግ በ2002 በአውሮጳ አቈጣጠር ባቀረቡት የካርታ ዘዴ ሁሉም ግምቱን ሸሽጎ ባንድ ጊዜ ይገልጣል፤ ታናሹ የአለቃውን ቃል እንዳይከተል ነው። ከዚያም ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የገመቱት ምክንያታቸውን ያስረዳሉ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ጥማድ» አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ስለ ሆነ፣ ስፋትን ብቻ ሳይሆን ድካምንም ይለካል።

ጥፋቱ የሚመጣው አለቃ ነጥቡን የሠራተኛ ማወዳደሪያ ሲያደርገው ነው። ያን ጊዜ ትናንት 3 የተባለው ዛሬ 5 ይባላል፤ ቍጥሩ ያብጣል፣ ሥራው ግን አይጨምርም። የዘዴው ጀማሪ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ የሚናገሩት ሚስተር ሮን ጄፍሪስ እንኳ ኋላ መጸጸታቸውን ጽፈዋል። እንግዲህ ነገ ሹመት የሚጠብቃችሁ ወጣቶች፣ ነጥብ መመካከሪያ እንጂ መወቃቀሻ እንዳይሆን አስቡበት።