ድግሱ በምሥራቅ፣ ሩጫው በመሀል ከተማ

ቲኪ ገላና ሐምሌ 29 ቀን 2004 ዓ.ም. የለንደን ዝናብ እየወረደባት፣ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ገብታ የኦሊምፒክ ማራቶን ክብረ ወሰን ስታሻሽል፣ በቴሌቪዥን ያየነው ለንደን የፖስትካርዱ ለንደን ነበር፦ የቴምዝ ዳርቻ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል፣ መጨረሻው ደግሞ ወደ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሚወስደው ሰፊ ጎዳና። የኦሊምፒክ ማራቶን በልማድ የሚያልቀው ስታዲየም ውስጥ ነው። በለንደንም የታሰበው እንዲያ ነበር፤ ሯጮቹ የታወር ሃምሌትስን ሠፈሮች አቋርጠው ስትራትፎርድ ካለው አዲስ ስታዲየም ሊገቡ። በአውሮፓውያኑ 2010 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) አዘጋጆቹ መስመሩን ወደ መሀል ከተማ መለሱት።

የታወር ሃምሌትስ ምክር ቤት ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነውና ተቆጣ፤ ነገሩን ፍርድ ቤት እስከመውሰድም ደረሰ። አዘጋጆቹ ወደ ኦሊምፒክ ፓርኩ የሚያስገቡት መንገዶች እንዳይዘጉ ብለን ነው አሉ። የምሥራቁ ሰው ግን ድህነታችን ለካሜራ አልመች ብሎ ነው ሲል ተረጎመው። ለእኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። አስተናጋጅ ከተማ የሚባለው አንድ ከተማ አይደለም፤ እንግዳ የሚቀበለው ሠፈር ሌላ፣ ጓዳውን የሚለቀው ሠፈር ሌላ ነው።

ጓዳውን የለቀቀው ምሥራቅ ለንደን ነበር። ስትራትፎርድ አጠገብ ክሌይስ ሌን የሚባል፣ ከ400 በላይ ላጤዎች በርካሽ ኪራይ የሚኖሩበት የኅብረት ሥራ መኖሪያ ነበር። በ2007 ነዋሪው ሁሉ ወጣ፤ ቤቶቹ ፈረሱ። ከ200 በላይ ድርጅቶችም ቦታ ለቀቁ። ማኖር ጋርደን በሚባለው ስፍራ ሰዎች ለትውልዶች አትክልት ሲያለሙበት የኖሩት መሬት ታጠረ። ካሳ አልተከፈለም ማለት አይደለም፤ ካሳ ግን ጎረቤት አይመልስም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ያየ አንባቢ ከዚህ በኋላ ያለውን ራሱ ሊተርክልኝ ይችላል። በሌላ በኩል፣ የተወሰደው መሬት ብዙው በፋብሪካ ዝቃጭ የተበከለ ነበር። ታጥቦ፣ ተጣርቶ ዛሬ ሕፃናት የሚሯሯጡበት መናፈሻ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ ወታደር መጣ። በሚያዝያ 2012 ቦው በሚባለው ሠፈር የአንድ የመኖሪያ ግቢ ሰዎች በበራቸው ሥር አንድ በራሪ ወረቀት ገብቶ አገኙ፤ በግቢያቸው ማማ ላይ የአየር መቃወሚያ ሚሳኤል ሊተከል እንደሚችል ያስታውቃል። ሌይተንስቶን ባለው ፍሬድ ዊግ ሕንፃም እንዲሁ። የዚህኛው ሕንፃ ነዋሪዎች ማን አማከረን ብለው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ በሐምሌ ተረቱ። ልብስ ማስጫ ሊሆን የሚችል ጣሪያ ላይ ወታደሮች ሚሳኤላቸውን ይዘው ሰፈሩ። በዚያው ሰሞን የውድድሩን የጥበቃ ውል የወሰደው ድርጅት በቂ ሰው ማቅረብ አቅቶት መንግሥት 3,500 ተጨማሪ ወታደር ጠራ።

መሀል ከተማው በተቃራኒው ጭር አለ። ከንቲባው ቦሪስ ጆንሰን ድምፃቸውን አስቀርፀው በየባቡር ጣቢያው ሕዝቡን መጨናነቅ ይመጣል፣ ጉዞህን አስቀድመህ አቅድ ሲሉ ከረሙ። ማስጠንቀቂያው ከልክ በላይ ሠራ። ለንደኖች ከቤታቸው ቀሩ፣ ሌላው ቱሪስትም ሸሸ፤ የታክሲ ሾፌሮችና የቲያትር ቤት ባለቤቶች ገበያ ጠፋ ብለው አማረሩ። ለኦሊምፒክ ሰዎች ብቻ በተከለለው የመኪና መስመር የገባ ተራ ሾፌር ቅጣቱ 130 ፓውንድ ነበር። ሕዝቡ ቲኬት አጥቶ እየተብሰለሰለ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለባለሥልጣንና ለስፖንሰር የተያዙ ወንበሮች ባዷቸውን ታዩ፤ ወታደርና ተማሪ እየገባ እንዲሞላቸው ተደረገ።

ደስታው ግን የውሸት አልነበረም። 70,000 በጎ ፈቃደኞች መንገድ እያሳዩ፣ እየሳቁ አሥራ ሰባቱን ቀን አሳለፉ። ባቡር ውስጥ ዓይን ለዓይን መተያየት የማይወደው የለንደን ሰው ከማያውቀው ጋር ወሬ ጀመረ። መሠረት ደፋርና ጥሩነሽ ዲባባ ያሸነፉትም በስትራትፎርዱ ስታዲየም ነው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ሒሳቡ መጣ። በጨረታው ጊዜ 2.4 ቢሊዮን ፓውንድ የተባለው በጀት ገና በ2007 ወደ 9.3 ቢሊዮን ተከልሶ ነበር። ስታዲየሙ ለዌስትሃም ተከራየ፤ ለእግር ኳስ እንዲሆን ለማስተካከል 323 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ፣ ክለቡ መጀመሪያ ላይ የሚከፍለው ኪራይ ግን በዓመት 2.5 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። ልዩነቱን የሚሸፍነው ግብር ከፋዩ ነው። ከአትሌቶች መንደር 2,818 ቤቶች ግማሽ ያህሉ ለዝቅተኛ ዋጋ ተመደቡ፣ የቀሩት ለኳታር መንግሥት ኩባንያና ለእንግሊዛዊ አጋሩ ተሸጡ። የቅናሽ ኪራይ የገበያውን 80 በመቶ ሊደርስ በሚችልበት አገር፣ የክሌይስ ሌን ላጤ ወደዚያ ይመለሳል ማለት ዘበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ካርፔንተርስ የሚባለው የመኖሪያ ሠፈር ነገር ነው። ቢቢሲና አልጀዚራ የኦሊምፒክ ስቱዲዮአቸውን የተከሉት እዚህ ሠፈር ፎቅ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከመስታወቱ ጀርባ ስታዲየሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከእግራቸው በታች ያሉት ቤቶች ግን ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ፤ የአካባቢው የኒውሃም ምክር ቤት መልሶ ለማልማት ብሎ ነዋሪውን ለዓመታት ሲያስወጣ ቆይቷል። በ2013 በቦታው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለመገንባት የወጣው እቅድ ከሸፈ፤ ቤቶቹ ባዷቸውን ቀሩ። በ2014 ከማረፊያ ቤት ውጡ የተባሉ ወጣት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቱን ሰብረው ገቡ፤ ቤቶቹ ለኑሮ የሚበቁ መሆናቸውን ለጋዜጠኛ እያስጎበኙ ሁለት ሳምንት ያህል ቆዩ። የሠፈሩ ሰው ስለ ሠፈሩ መልሶ ግንባታ በድምፅ የተጠየቀው ደግሞ በ2021 መጨረሻ ነው፤ አብዛኛው ይሠራ አለ። ቀድሞ የወጡት አብዛኞቹ ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ሠፈር ሰንብተዋል።