የሰፈራችንን ታሪክ እንጠይቅ፤ እንጻፈውም
(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)

ደብተርና እርሳሳችሁ ከአጠገባችሁ ነው? ደግ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቅርስ ነው። ቅርስ ማለት ከቀደሙን ሰዎች የተረከብነው ነገር ነው። ታዲያ ቅርስ ሲባል አክሱምና ላሊበላ ብቻ አይደለም። በየሰፈራችን አለ።

እኔ የማስተምረው አፍንጮ በር ነው። አንድ ቅዳሜ የጎልማሶች ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ በእግር ወጣን። በራስ መኰንን ድልድይ አልፈን ወደ ፒያሳ አቀናን።

መጀመሪያ ሀገር ፍቅር ቴአትር ደረስን። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጣሊያን አገራችንን ሊወር ይዘጋጅ ነበርና፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ ነው።

ቀጥሎ አራዳ ጊዮርጊስ ደረስን። ከፊቱ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ቆሟል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከቦታው አንስቶት ነበር። ከነጻነት በኋላ ተመለሰ።

ከዚያ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሄድን። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች ረሸኗቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ስለ እሳቸው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሚል ተውኔት ጽፈዋል። አያችሁ? ታሪኩ በድንጋይም አለ፣ በመጽሐፍም አለ።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። በሐውልቱ ላይ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አነበቡ። «ስንት ዓመት በዚህ በኩል ገበያ ወጣሁ! ማን እንደሆኑ ዛሬ ነገሩኝ» አሉ።

ታዲያ ታሪክ እንዴት ይጠናል? ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ ሂዱና እዩ። በሐውልቱ፣ በበሩ፣ በድልድዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ገልብጡ።

ሁለተኛ፣ ጠይቁ። አፍንጮ በር ለምን አፍንጮ በር ተባለ? ደጃች ውቤ ሰፈርስ? ሽማግሌ ጠይቁ፣ ባልቴት ጠይቁ። አስቀድማችሁ ግን ፈቃዳቸውን ለምኑ። አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። ነገራቸው ካልተስማማ ሁለቱንም ጻፉ። «አይቻለሁ» እና «ሰምቻለሁ» አንድ አይደሉም፤ ለዩት።

ሦስተኛ፣ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ከአፍንጮ በር ሽቅብ ስድስት ኪሎ ነው። እዚያ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ቤቱ ቀድሞ ቤተ መንግሥት ነበር። አሮጌ መጻሕፍትና የብራና ጽሑፎች በዚያ ይጠበቃሉ።

ይህን ሁሉ ለምን አነሣሁ? በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ከተማ ይለወጣል፤ አዲስ መንገድም ያስፈልጋል። ነገር ግን ጎረቤት ሲበተን ወሬውም ይበተናል።

አንድ የማውቀው የእድር ጸሐፊ ነበሩ። የእድሩን የድሮ መዝገብ በእጃቸው ጽፈው አኑረውት ነበር። ማን መቼ እንደ ሞተ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ድንኳኑ በስንት እንደ ተገዛ፣ ሁሉ አለበት። ቤት ሲለቀቅ መዝገቡ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጣለ። ሰውየው ሲነግሩኝ እንባ ተናነቃቸው። የአንድ ሰፈር ታሪክ በአንድ ቀን ጠፋ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዛሬ ፊደል በእጃችሁ ነው። ድሮ የሚጽፍልን ሰው እንፈልግ ነበር። አሁን ጸሐፊዎቹ እኛው ነን። የዛሬ ሳምንት እስክንገናኝ ይህን ሥሩ፦ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ስለ ሰፈራችሁ ስም ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት መስመር ጻፉ። ቀኑንና የነገራችሁን ሰው ስም ከሥር አስፍሩ። ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ደብዳቤና መዝገብም አትጣሉ።

ደህና ሁኑ።