ለሴት ነጋዴ የተሰጠ ድጋፍ በማን እጅ ይቆያል?

በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ ርዕሰ ከተማ በአምደወርቅም ሆነ በሰቆጣ ገበያ አነስተኛ ንግድ የሚያካሂዱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ጠላና አረቄ፣ ዶሮና እንቁላል፣ እህልና ማር ይሸጣሉ። የሥራ ችሎታ አላቸው፤ የሚያጥራቸው መነሻ ገንዘብ ነው።

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ ብድር ሲሆን፣ በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘውና በኋላ ወደ ጸደይ ባንክ የተለወጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለክልሉ ገጠር ዋነኛው አበዳሪ ሆኖ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ እንስሳትንና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ማስያዝ የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል። ይሁንና ሁለት ዶሮ ብቻ ያላት ሴት የምታስይዘው የላትም። ዝናቡ ከቀረ ዕዳው እንደሚጠብቃት ስለምታውቅም ብድር ትፈራለች።

የማይመለስ ድጋፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአራተኛው ምዕራፉ እጅግ ደሃ ለሆኑ ቤተሰቦች የኑሮ ማሻሻያ የሚሆን 200 ዶላር የሚገመት የአንድ ጊዜ ድጋፍ ይዞ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ በከፊል ሲታገዝ የነበረው በአሜሪካ የልማት ድርጅት ሲሆን፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። የድጋፉ ምንጭ ሲመነምን የተገኘው ብር እንዴት እንደሚሠራበት ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በስሪላንካ 100 እና 200 ዶላር ለአነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ ተሰጥቶ ውጤቱ ተጠንቷል። የወንዶቹ ትርፍ ሲጨምር የሴቶቹ በአማካይ አልጨመረም። ሴቶች ንግድ አይችሉም ማለት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የስሪላንካን፣ የሕንድንና የጋናን መረጃ የመረመረ ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል። ባልም ነጋዴ በሆነበት ቤት ለሚስት የተሰጠው ገንዘብ ወደ ባል ሥራ ይዞራል። በቤቱ ነጋዴዋ ሴቷ ብቻ ስትሆን ግን ትርፏ ከወንዶች አያንስም።

ነገሩን በአገራችን ማር እንየው። ለማስረዳት ያህል አንዲት ነጋዴ 20,000 ብር ድጋፍ አገኘች እንበል። በጥቅምትና በኅዳር፣ ቀፎ ተቆርጦ ማር ሲረክስ፣ ኪሎውን በ500 ብር ሂሳብ 40 ኪሎ ገዝታ ዋጋው 600 ብር ሲደርስ ብትሸጥ 4,000 ብር ታገኛለች። ለመጓጓዣና ለዕቃ 1,000 ብር ብታወጣ 3,000 ብር ይተርፋታል። ከገንዘቡ ግማሹ ለበሬ መግዣ ከሄደ ግን 20 ኪሎ ብቻ ትገዛለች። መጓጓዣውና ዕቃው ያንኑ 1,000 ብር ይጠይቃልና የሚተርፋት 1,000 ብር ይሆናል። ካፒታሉ በግማሽ ሲቀንስ ትርፉ በሁለት ሦስተኛ ወረደ ማለት ነው። በሬው ለቤቱ አይጠቅምም አይባልም፤ ንግዱ ግን ቆሟል።

ስለዚህ ድጋፍ ሰጪው ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባል። አንደኛ፣ ገንዘቡ በሴቷ ስም በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ቢገባ። ሁለተኛ፣ ድጋፉ ግዢ በሚረክስበት ወቅት ቢደርስ፤ ማር ከተወደደ በኋላ የመጣ ብር ለማር ነጋዴ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት አስቀድመው ተማክረው ምን ያህሉ ለንግድ፣ ምን ያህሉ ለቤት እንደሚሆን ቢስማሙ።

አመልካቿም ከመፈረሟ በፊት ገንዘቡ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን ጠይቃ ትረዳ። ድጋፍ ነው ሲባል ተቀብሎ ኋላ ዕዳ ሆኖ ማግኘት ከነበሩበትም ያወርዳል። ድጋፉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው፤ በየዓመቱ ኅዳር ማር የሚገዛላት በእጇ ያቆየችው መነሻ ነው።