ስለ አዲሱ ጨዋታና ስለ አራዳ ልጆች

አንባቢ ሆይ፤ ከቅዳሴ በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ጥላ ፈልገው የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ስለ ዘመኑ ልጆች ብትጠይቃቸው አሳባቸውን ሳያለሳልሱ ይነግሩሃል። ልጆቹ ዓይናቸውን ከመስተዋቱ ላይ አያነሡም፤ ሰው ሲገባ ብድግ አይሉም፤ ጣታቸው ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ የሠሩት ሥራ ግን አይታይም ይላሉ። ከመካከላቸውም አንዱ፤ ይህ ጨዋታ የሰይጣን ሥራ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚህ ሰፈር ግን ለአዲስ ነገር የሰይጣንን ስም ማውጣት የቈየ ልማድ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲኒማ ለአዲስ አበባ ሕዝብ መታየት በጀመረ ጊዜ፤ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው። ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ፤ ፈረስ ሲጋልብ ታይቶ፤ መብራት ሲበራ ሁሉም ከጠፋ ሌላ ምን ስም ይሰጠው ኖሯል? ከዚያ ወዲያ ግን በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ተከፍተው፤ ያው የአራዳ ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፤ ባለቤቱንም አስከትሎ ይገባባቸው ጀመር። ዛሬ ልጆቹን ከሚወቅሱት አባቶች መካከል ለሲኒማ መግቢያ ብሎ ከእናቱ መቀነት ሳንቲም ያልፈታ ጥቂት ነው። እኔም ከፈቱት ወገን ነኝ።

ሁለተኛው ወቀሳ፤ ጨዋታው ልጆቹን ከሰው ይለያቸዋል የሚለው ነው። ይህንንም ወቀሳ እኔ ራሴ ይዤው እዞር ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ፤ አንድ ቀን ማታ ልጄ ከትምህርት ቤት ስለ ዘገየብኝ ፍለጋ ወጣሁና ከአንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ አገኘሁት። ቤቱ ጠባብ ነው። በግድግዳው ላይ ሦስት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ በእያንዳንዱም ፊት ሁለት ልጆች በአግዳሚ ተቀምጠው የእግር ኳስ ይጫወታሉ። ከኋላቸው የቆመው ግን ከሚጫወተው ይበልጣል። አቀብል! ተመለስ! እያለ ሁሉም ይጮኻል፤ አንዱማ ትዕግሥቱ አልቆ ጆይስቲክ የሚሉትን መጫወቻ ከጓደኛው እጅ ነጥቆ እንዲህ ነው እንጂ ብሎ አሳየው።

ይህን ባየሁ ጊዜ ያነበብሁት ነገር ትዝ አለኝ። ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1805 ዓ.ም. ወደ ትግራይ መጥቶ፤ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንቶቻቸው ጋራ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቶ ጽፏል። ጨዋታው እጅግ ጫጫታ የበዛበት ነበር። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፤ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ ምክር ይሰጣሉ፤ ጠጠሩንም አንሥተው እንዲህ ቢሆን ይሻላል እያሉ ያሳያሉ። እንግዲህ የዶሮ ማነቂያው ልጅ ያደረገው ይኸንኑ አይደለምን? በአገራችን ልማድ ሰንጠረዥ ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፤ እጃቸው እንደ ፈጠነ መጠን ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይኸውም ወረራ ይባላል። ተራ የሚጠበቀው ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር ከወሰደ በኋላ ነው። የዛሬ ልጆች ተራ መጠበቅ አያውቁም የሚል ሁሉ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ሶልት አንድ ነገር ጨምሮ ጽፏል። መኳንንቱ በብዙ ብልሃት ራስ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

በዚያ ማታ ልጆቹ ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ። በዕድሜዬ አፍረው እንጂ ወድደው አይመስለኝም። ከልጄ ጋራ ገጥሜ 7 ለ 0 ተሸነፍሁ። በየጊዜው ግብ ሲያገባብኝ በጐን ፊቴን ይመለከት ነበር፤ ነገር ግን አላዘነልኝም። በመካከሉም፤ አባዬ፤ አትቸኩል፤ የምትሄድበትን ሳታይ ነው የምትመታው አለኝ። በቤቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ እስክንወጣ ድረስ ተቈጥቼ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ግን በመንገድ ላይ የሂሳብ ትምህርት እንዳቃተው፤ ከጐበዞቹ ወገን የሚቈጠር መስሎ እኔን ሲያታልል መክረሙን ሳልጠይቀው ነገረኝ። በእራት ገበታ ላይ ለአንድ ዓመት የደበቀውን ማለት ነው። አራዳ የሚለው ስም የብልጥ ልጅ መጠሪያ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው፤ የእኔም ብልጥነቱን ያዋለው በዚህ ነበር። በማግስቱ አስጠኚ ፈለግንለት።

በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ተብሎ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ ያ ጠባብ ቤትም አብሮ ሄደ። ጐረቤቱ ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ፤ እኛም በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። ልጄ እነዚያን ጓደኞቹን አልተዋቸውም፤ ማታ ማታ እያንዳንዱ በየቤቱ ተቀምጦ በስልክ ይጫወታሉ። ድምፃቸውን በጆሮው ይሰማል፤ እኔ ግን የምሰማው የእርሱን ብቻ ነው። የሽማግሌዎቹ ወቀሳ ትክክል ሆኖ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ከኋላ ቆሞ የሚመክር የለም፤ መጫወቻውን የሚነጥቅ የለም፤ ልጁን ፍለጋ የሚመጣ አባትም የሚቀመጥበት አግዳሚ የለም። በሩ ተዘግቷል፤ ዘግይቶብኛል ብዬም አልወጣም፤ በቤት አለና።

ይህንኑ ባለፈው ወር ለልጄ ነገርሁት። ዝም አለኝ። በእሑድ ግን ጆይስቲክ ሁለት አድርጎ፤ የቴሌቪዥኑን ወንበር አስፍቶ ጠራኝ። እናቱም ቡናዋን ይዛ መጥታ ከኋላችን ሆና፤ ምንም ሳታውቅ፤ አቀብል ትለኝ ጀመር። 4 ለ 1 ተሸነፍሁ። ያችን አንዲት ግብ አዝኖልኝ ትቷት እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።