ጋፋትና የማሽን ግዢ ውል

ደብረ ታቦር ለሥራ በሄድኩ ቁጥር በአቅራቢያው ወዳለችው ጋፋት ጎራ እላለሁ። በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን እዚያ ስለተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ሲነሳ ሰው ክብደቱን ያወራል፤ ወደ 7 ቶን። እኔን የሚገርመኝ ግን መድፉ የተሠራበት ቅርጽ ነው። የሸክላ ቅርጹ ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ፣ የቀለጠው ነሐስ ሲፈስበት ውሃው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ከእሳት ይበልጣል።

መድፉን የሠሩት ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩ አሏቸው፤ እየሞከሩ ተማሩ። የአገሬው ወጣቶችም አብረዋቸው ሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ፈረንጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ።

ባለሙያዎቹ ሲወጡ ሙያው አብሮ እንዳይወጣ በማሰብ፣ የማሽን ግዢ ውል ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማነበው የሥልጠናውን አንቀጽ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ናት።