ቀይ አፈርና ባዶ እግር

በምዕራብ ጎጃም ከደምበጫ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ በሐምሌ የተጓዘ ሰው አፈሩን አይረሳውም። ሲደርቅ ይቦንናል፣ ሲርስ ጫማ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ይላል፤ ቀለሙ የነጭ ነጠላን ጫፍ ከነካ በአንድ እጥበት አይለቅም። አካባቢውን የበቆሎ፣ የበርበሬና የድንች አገር ያደረገው ይኸው ቀይ አፈር ነው። ዝናቡ አይነፍገውም፣ ደጋውም ወይና ደጋውም ለገበሬ ይመቻል። ይህን ለም መሬት በባዶ እግራቸው ከሚረግጡት ሰዎች መካከል ግን በየዓመቱ እግራቸው እያበጠ የሚሄድ አሉ። ሕዝቡ በሽታውን ዝሆኔ ወይም የእግር እብጠት ይለዋል፤ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው።

ባክቴሪያ አያመጣውም፣ ቫይረስ አያመጣውም፣ ትልም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጥፋተኛው ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘው ሸክላማ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ማዕድን ነው። በተሰነጣጠቀ ተረከዝና በጣቶች መካከል ብናኙ ወደ ቆዳ ይገባል። ሰውነትን የሚጠብቁት ሕዋሳት እንደ ማንኛውም ባዕድ ነገር ይውጡታል፤ ማዕድን ግን እንደ ጀርም ተፈጭቶ አያልቅም። ሕዋሳቱ ብናኙን እንደያዙ ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይደርሳሉ፣ በዚያ ብግነት ይነሣል፣ ብግነቱ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ቧንቧውን ያጠብበዋል። የጎጃም ገበሬ ጤፉ ውሃ እንዳያቁርበት በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ የሊምፍ ቧንቧም የእግር ፈሰስ ነው፣ በደለል ሲደፈን ማሳው ውሃ ያቁራል።

አጀማመሩ ቶሎ አያስደነግጥም። የእግር ጣት መሐል ያሳክካል፣ ማታ ማታ የእግር ጀርባ ያቃጥላል። ቆይቶ ከአውራ ጣት አጠገብ ያለው ቆዳ ይወፍራል፣ ጣቶቹ ያብጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት እብጠቱ ማታ መጥቶ ጠዋት ይጎድላል። ዓመታት ሲያልፉ መጉደሉን ይተዋል፤ ቆዳው ይሻክራል፣ ኪንታሮት የመሰሉ ጉብታዎች ያወጣል፣ በእጥፋቱ ውስጥ እርጥበትና ሽታ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አይወጣም። በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ከሚተላለፈው ሌላው የዝሆን እግር በሽታ የሚለይበት አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ ያኛው የቆላ በሽታ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከላይ ከብሽሽት አካባቢ ይጀምራል።

ይህን ልዩነት አጥርቶ ያሳየው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ ሲሠራ፣ የታማሚዎቹ መንደሮች ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ካለበት ደጋ ጋር እንደሚገጥሙ አስተዋለ። ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱ ሰዎች የተወሰዱ የሊምፍ እጢዎችን ሲመረምርም የአፈር ማዕድን አገኘባቸው። እንዲያውም ማዕድኑ እግራቸው ባላበጠ ሰዎች እጢ ውስጥም ነበር። ያ ግኝት ሌላ ጥያቄ አስከተለ፤ አንድ ዓይነት አፈር ከሚረግጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ብቻ ለምን ያብጣል?

የአገሬው ሰው መልስ ነበረው፤ "በዘር ነው" ይላል። እንደ እኔ አስተያየት ግማሹን አግኝቶታል። በደቡብ ኢትዮጵያ በተደረገ የቤተሰብ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልደረቦቹ ጋር ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት ደግሞ ተጋላጭነቱ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩት፣ ኤችኤልኤ ከሚባሉት ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ ታየ። ባዕድ ነገር ሲገባ የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ከልክ በላይ ይቆጣል ማለት ነው።

የቀረውን ግማሽ የያዘው ጫማ ነው። ዘረመሉ ብቻውን እግር አያሳብጥም፣ አፈሩ መግባት አለበት። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። አንዱ ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ በሕፃንነቱ ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተልኮ ጫማ አድርጎ አደገ፤ ሌላው ከብት ሲጠብቅ፣ ኋላም ሲያርስ በባዶ እግሩ ጎለመሰ። ዘረመላቸው ቢመሳሰል እንኳ የመጀመሪያው በደሙ ይህ ዝንባሌ እንዳለ ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። የጤና እኩልነት ማጣት ሲባል ሆስፒታልና አልጋ ብቻ ለሚታየን ሰዎች ይህ ቆም ብለን የምናስብበት ጉዳይ ነው። እዚህ ሁለቱን ወንድማማቾች የለያቸው ሐኪም ማግኘትና ማጣት ሳይሆን ከሐኪም ብዙ ዓመት ቀድሞ የመጣ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው።

በገጠሩ ግን "በዘር ነው" የሚለው ቃል ሌላ ሥራ ይሠራል። ከዚያ ቤት አትጋቡ ይባላል፤ ጤነኛዋ ልጅ ሳትቀር ትታለፋለች። አንዳንዱ የእባብ ሬሳ በመርገጥ፣ አንዳንዱ በድግምት የመጣ አድርጎ ያየዋል፤ ከሥጋ ደዌ ጋር የሚያምታታውም አለ። ታማሚው ከማኅበርና ከሠርግ ይቀራል፣ ተማሪዋ ትምህርቷን ትተዋለች። ሽታው እንዳይሰማባቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከሰው ራቅ ብለው የሚቆሙ አሉ።

ምዕራብ ጎጃም በዚህ በሽታ ካርታ ላይ ጎልቶ የሚታይ ቦታ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት በምዕራብ ጎጃሟ ደምበጫና በምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች 3.3 በመቶው ታመው ተገኝተዋል፤ ከ1,000 ሰው 33 ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ ጎጃሞች የአፈር ናሙና የመረመሩ ሳይንቲስቶች ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የሚባሉት ማዕድናት ከበሽታው ጋር አብረው እንደሚገኙ አሳዩ። በ2015 ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ከ1,300 በላይ መንደሮችን ተመልክተው ባወጡት አገር አቀፍ ካርታ፣ በሽታው ሊኖርባቸው በሚችሉ አካባቢዎች 34.9 ሚሊዮን ሕዝብ እንደሚኖር ተገመተ፤ የሚመቸውም ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያለበት ቦታ ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ፍኖተ ሰላምና ከእሷ ትንሽ ከፍ የምትለው ቡሬ መካከል ላይ ይወድቃሉ። ለበቆሎ የሚመቸውና ለዝሆኔ የሚመቸው መሬት አንድ መሆኑ መራራ ነገር ነው።

"ታዲያ ጫማ ያድርጉ" ማለት ቀላል ነው። ጫማ የገዛ ገበሬ እንኳ ሲያርስ ያወልቀዋል። በሰኔና በሐምሌ ጭቃው ከኮንጎው ሥር ይጋገራል፤ ሁለት ትልም ሳይሄድ እግሩ ይከብደዋል፣ ኮንጎው ይንሸራተታል፣ ከዚያ በማሳው ዳር ባለ ዛፍ ሥር አስቀምጦ በባዶ እግሩ ሞፈሩን ይከተላል። ገበያ ሲወጣ ግን ጫማው አለ። ስለዚህ "ጫማ አለህ ወይ" ብሎ የሚጠይቅ ቆጠራ የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል፤ መጠየቅ ያለበት ለየትኛው ሥራ፣ በየትኛው ወር የሚለው ነው። ከጎማ የተሠራው በረባሶም ተረከዙን ከእሾህ እንጂ ጎኑን ከጭቃ አያድንም። ሕፃናት ደግሞ የመጨረሻ ተራ ላይ ናቸው፤ የልጅ እግር በየዓመቱ ያድጋል፣ ጫማውም በየዓመቱ ገንዘብ ይጠይቃል።

ከያዘ በኋላ ድህነቱ ይብሳል። በየጊዜው የሚነሣ ድንገተኛ ሕመም አለ፤ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፣ ታማሚው ለቀናት ይተኛል። በወላይታ የተካሄደ ጥናት አንድ ታማሚ ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ ገምቷል። በጥናቱ ጊዜ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ለነበራት ለዚያች ዞን ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ ቁጥሩ የሚታየው በሌላ መልክ ነው፤ የማረሻው ወር ሲመጣ አባወራው ተኝቶ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፣ ከምርቱ ግማሹ ይሄዳል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ጫማ የታሰበው ብር ይበላል።

ሕክምናው ተራ ነገር ነው፤ ምናልባትም እስከ ቅርብ ጊዜ ብዙ ትኩረት ያላገኘው ለዚህ ይሆናል። አንድ ሳፋ ውሃ፣ ሳሙና፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በየቀኑ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፣ እንደየደረጃው በፋሻ መጠምጠም፣ ካልሲና የሚሸፍን ጫማ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ጥናት ይህ ምን ያህል እንደሚረዳ ለክቷል። እንክብካቤውን ገና ያላገኙት ሰዎች በአማካይ በዓመት 23.9 ጊዜ ሕመሙ ተነሥቶባቸዋል፣ ያገኙት ደግሞ 19.4 ጊዜ። ተአምር አይደለም፤ በዓመት አራት ጊዜ ተኩል ያህል ከመኝታ መዳን ነው። ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ያህል የሚወድቅ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ ይመራል?

ሳፋው ውስጥ የሚገባው ውሃም በቀላሉ አይገኝም። ቢጫውን ጀሪካን ከምንጭ ተሸክማ የምታመጣው ሚስት ወይም ልጅ ናት። ታማሚዋ እሷ ራሷ ስትሆን የሚያመላልስላት ማን ነው? የእግር መታጠቢያው ውሃ ከመጠጡና ከወጡ ጋር ይሻማል።

ሌላው የማይታይ አድልዎ በዓለም የጤና ገንዘብ ውስጥ ያለው ነው። ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ብዙዎቹ ክኒን አላቸው። አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል ከአምራቾቹ በነፃ ይመጣሉ፤ ለቢልሃርዚያም ለተማሪዎች የሚታደል መድኃኒት አለ። ክኒን ይቆጠራል፣ በካርቶን ይጫናል፣ በአንድ ሳምንት ዘመቻ ይታደላል፣ ሪፖርቱም ያምራል። ለዝሆኔ ክኒን የለም፤ የሚያስፈልገው ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሳሙና፣ ውሃና ጫማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2011 ሲሆን ኢትዮጵያም በ2013 በብሔራዊ ዕቅዷ አካትታዋለች። በ2011 በ13 ወረዳዎች፣ በአማራ ክልል ደቡብ አቸፈርን ጭምር፣ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የገበሬውን የሕክምና ዕዳ አቅልሎለታል፤ ጫማና ሳሙና ግን አሁንም ከገበያ የሚገዙ ናቸው። ከ2023 ወዲህ ክልሉን ያመሰው ግጭትም የተጀመረውን ሥራ አክብዶታል።

በሽታው ሊጠፋ እንደሚችል የሚያጠራጥር አይደለም። ፕራይስ እንደጻፈው በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይም በአንድ ወቅት ይታይ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ጫማ ሲለምድ ያለ ምንም ክትባት ጠፋ። ችግሩ ጊዜው ነው። እብጠቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ለዓመታት አፈሩን ከረገጡ በኋላ፣ በጉርምስናና በወጣትነት ዘመን ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለ ትምህርት ቤት ለ6 ዓመት ልጅ ጫማ ቢሰጥና በየዓመቱ ቢተካ፣ ውጤቱ በቆጠራ የሚታየው ልጁ ሃያዎቹን ሲያጋምስ ነው። የአምስት ዓመት ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት እንዲህ ላለው ነገር በጀት መያዝ ይከብደዋል። እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ገደማ የሚገመቱ አዋቂዎች አሁኑኑ ታመዋል፤ ለእነሱ ደግሞ ገበያ ላይ የሚሸጠው ቁጥር አይበቃቸውም፣ በልካቸው ተለክቶ የሚሰፋ ሰፊ ጫማ ያስፈልጋቸዋል። በ1998 በወላይታ የተመሠረተው በሽታውን የሚያክምና የሚከላከል ማኅበር ይህን የጫማ ሥራ ለታማሚዎቹ ለራሳቸው አስተምሯል። በምዕራብ ጎጃምም ቆዳውም ጫማ ሰፊውም አለ፤ የጎደለው ለጫማው የሚከፍል ነው።