ቤት ለፎቶ ሲሰናዳ

በጋይንት ያለችው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ለሚያያት ሣር ክዳን የለበሰች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በደጋው እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ። ውስጧ ግን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ አለ። ክቡ ግድግዳና ሣሩ በኋላ ዘመን ዙሪያውን የተጨመሩ ናቸው። ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ የሚመጡት ደቀ መዛሙርትና መምህራኖቻቸው ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ የውጭ አገር አጥኚዎች ግን የሰሙት የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓክነም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ውስጥ ዘልቆ ካየ በኋላ ነው። ደጅ ላይ አንድ ፎቶ አንስቶ ቢመለስ ኖሮ ምስሉ ሐሰት ባይኖርበትም ስለ ሕንፃው ዋና ነገር ምንም አይነግርም ነበር። የሚሸጥ ቤት ፎቶም ችግሩ ይኸው ነው። ብዙ ሻጮች የውጩን በርና የቆርቆሮውን ጣሪያ አንስተው ይልካሉ፤ ገዢው ሊያውቀው የሚፈልገው ግን ውስጥ ነው። ቤትን ለፎቶ ማሰናዳት ስል የማስበው ማስጌጥን አይደለም፤ ሩቅ ያለ ሰው ቤቱን ገብቶ እንዳየው ያህል እንዲያውቀው ማድረግን ነው።

ይህ ሥራ ዛሬ ትርጉም ያገኘው ገዢው ስለራቀ ነው። ቀድሞ ደላላው ገዢውን ይዞ ይመጣል፣ ገዢው ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ ያያል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ከዚያ ሽማግሌ ተቀምጦ ዋጋ ይቆረጣል። አሁን በነፋስ መውጫ ወይም በደብረ ታቦር ያለን ቤት የሚፈልገው ሰው ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን መጀመሪያ የሚያየው ደላላው በቴሌግራም በሚልክለት ምስል ነው። ምስሉ ካላሳመነው አውቶቡስ አይሳፈርም፣ ወንድሙንም ሄደህ እይልኝ አይልም።

የዝግጅቱ መጀመሪያ ብርሃን ነው፤ ብዙው ፎቶ የሚበላሸውም በዚህ ነው። በደጋው ብርዱን ለመከላከል ብዙ ቤት መስኮቱ ትንሽ ነው። መስኮት ፊት ለፊት ቆሞ የሚያነሣ ሰው መስኮቱ ነጭ፣ ክፍሉ ጥቁር ይሆንበታል። መጋረጃው ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ፣ መስታወቱ በውጭም በውስጥም ተወልውሎ፣ አንሺው መስኮቱን በጎኑ አድርጎ ጥግ ላይ ቢቆም ግድግዳውና ወለሉ በትክክል ይታያሉ። አምፖል ጠፍቶ በቀን ብርሃን ብቻ ማንሣት ይሻላል፤ ቢጫውና ነጩ ብርሃን ሲደባለቁ የቀለሙ መልክ ይዛባል። ስልኩ በደረት ቁመት፣ ሳይዘነበል ይያዝ፤ አለዚያ ቀጥ ያለ ምሰሶ የተንጋደደ ይመስላል። ወቅትም ይመረጣል። በክረምት ግቢው ጭቃ፣ ሰማዩ ጉም ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ ግቢው ደርቆ፣ አረንጓዴውም ገና አልጠፋም።

ቀጥሎ ዕቃ ማውጣት ይመጣል። ሳሎኑ በቡፌ፣ በሶፋና በተደራረበ ምንጣፍ ከተሞላ የክፍሉ ስፋት አይታወቅም፤ ሊሾው ተሰንጥቆ ይሁን ደህና ይሁን ምንጣፉ ሸፍኖታል። ከዕቃው ግማሹ ለአንድ ቀን ጎረቤት ቤት ቢቀመጥ ይበቃል። ማድ ቤቱን ብዙዎች ፎቶ ውስጥ አያስገቡትም፤ በማገዶ ስለሚበሰልበት ግድግዳው ጥላሸት ለብሷል፣ ያሳፍራል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ገዢው ሚስቱና ልጆቹ የት እንደሚያበስሉ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ማወቅ ይፈልጋል። ጥላሸቱ ተጠርጎ ግድግዳው ኖራ ቢቀባ ክፍሉ ይታያል። ሽንት ቤቱ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪው፣ የጣሪያው አሸንዳ፣ ሰርቪስ ቤቱም እንደዚያው።

«ገዢ የሚገዛው ቦታውን ነው፤ ቤቱን ነገ ያፈርሰዋል፣ ታዲያ ለምን እደክማለሁ?» የሚል ተቃውሞ አለ። በከተማ ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቦታው መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጓል፤ ስለዚህ በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ደግሞም ክርክሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያስከትለው ሌላ ነገር ነው፤ ቦታው ራሱ ፎቶ ይፈልጋል ማለት ነው። መኪና የሚገባበት መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ የአጥሩ ወሰን፣ ከበሩ ቆሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታየው ሁሉ ተጠርጎና ተመንጥሮ መነሣት አለበት።

ቤትን ለማያውቁት ሰው ማሳየት የሚከብዳቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። መልሱ በዝግጅቱ ውስጥ ነው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የልጆች ዩኒፎርም፣ የጸሎት ቦታው ሥዕለ አድኅኖ ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ከቦታቸው በክብር ይነሡ፤ የቤቱ ካርታ ፎቶ ደግሞ በፍጹም በቴሌግራም አይለቀቅ። ሰነድ የሚታየው ፊት ለፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ፣ ካርታው የሚመረመርበት ቦታ አስቀድሞ አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ማሰናዳት ማታለል ነው የሚለው ነው። ድንበሩ ግልጽ ይመስለኛል። ቆሻሻ ማንሣት ቤቱን ይገልጣል፤ ስንጥቅን በቀለም መድፈን ቤቱን ይደብቃል። ጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ የረገፈበትን ስፍራ መልሶ መምረግ እድሳት ነው፤ ውኃ ያቆሸሸውን ኮርኒስ ቀዳዳው ሳይደፈን መቀባት ግን ዝናብ ሲመጣ የሚገለጥ ሐሰት ነው። በስልክ ካሜራ ያለው ሰፊ ማንሻም እንዲሁ ነው፤ ጠባብ መኝታ ቤትን አዳራሽ ያስመስላል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ በኮምፒውተር የተለወጠ የሚሸጥ ቤት ምስል መለወጡ እንዲነገር በሕግ አስገድዷል። እኛ ዘንድ ይህን ሻጩ በራሱ ሊያደርገው ይችላል፦ ከእያንዳንዱ ክፍል ፎቶ ጋር የክፍሉን ርዝመትና ስፋት በሜትር መጻፍ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ለብቻው በቅርብ አንስቶ መላክ፣ ምስሉ የተነሣበትን ቀን ማስፈር። ቀኑ በተለይ ያስፈልጋል፤ አንድ ቤት በበርካታ ደላሎች እጅ ሲዘዋወር ከዓመታት በፊት የተነሣ ፎቶ እንደ አዲስ ይመጣል፣ ገዢውም ያየውንና ሄዶ የሚያገኘውን ማስታረቅ ያቅተዋል።